የደብዳቤው አሻራ

(የመክፈቻ ዜማ፤ ለ15 ሰከንድ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

ሮቤ ገበያ ላይ ሱቃችሁን ከፍታችሁ የምትሰሙን፣ ጎባ ሻይ ቤት የተቀመጣችሁ፣ ከሳነቴ ወዲያ ከሐረና ጫካ ማዶ አንገቱ ከተማ ላይ ሬዲዮናችሁን ያስጠጋችሁ፣ እንኳን በሰላም ተገናኘን።

ዛሬ የምናወራው ስለ ፊርማ ነው። በእስክሪብቶ ስለሚፈረመው ሳይሆን በኮምፒውተር ፋይል ላይ ስለሚፈረመው። በተለይ ደግሞ ያንን ፊርማ የሚያኖር ፕሮግራም የሚጽፉ ልጆች ምን ማወቅ እንዳለባቸው።

ሐምሌ 2016 የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በስልካችሁ የምትከታተሉ ወጣቶች፣ ይህ ዝግጅት ለእናንተ ነው። ለእናንተ ብቻ ግን አይደለም። መዝገብ ቤት የምትሠሩ፣ የማኅበር ሒሳብ የምትይዙ፣ ልጃችሁ ኮምፒውተር ላይ ምን እንደሚሠራ ግራ የገባችሁ አባቶችና እናቶች፣ ሁላችሁም ቅረቡ። ቀስ ብለን ነው የምንሄደው።

(ለአፍታ ዝምታ)

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለአንድ ማኅተም ስንት ቀን ተጉዛችሁ ታውቃላችሁ?

ከአንገቱ ሮቤ ለመድረስ መኪናው ጫካውን ሽቅብ ይወጣል፣ ሪራን ያልፋል፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን ሳነቴን ይሻገራል፣ ከዚያ ወደ ጎባ ይወርዳል። ጭጋጉንም ብርዱንም ታውቁታላችሁ። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ ጋቢውን እንኳ ሳያራግፍ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ይመለሱ» የተባለ ሽማግሌ በዓይኔ አይቻለሁ። ፊቱ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

ይህን ድካም ለማቅለል በየቢሮው የተለመደ አንድ ዘዴ አለ። የኃላፊው ፊርማ፣ ቲተሩና ክቡ ማኅተም አንድ ጊዜ ስካን ይደረጋሉ። ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ፎቶ ይቀመጣሉ። ደብዳቤ ሲወጣ ዎርድ ላይ ይለጠፉና በቴሌግራም ይላካል። ፈጣን ነው፤ ያምራልም።

ታዲያ ይህ ዲጂታል ፊርማ ነው?

(ለአፍታ ዝምታ)

አይደለም። ደግሜ ልበለው፤ አይደለም። የፊርማ ፎቶ ነው። ፎቶ ደግሞ ይገለበጣል።

እኔ ራሴ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ያላወጣነው ደብዳቤ ተመልሶ እጃችን ገባ። ፊርማው የኃላፊያችን ነው። ማኅተሙም የእኛው ነው፤ ጠርዙ ላይ ያለችው ትንሽ ጭረት እንኳ አልጎደለችም። የወጪ ደብዳቤ መዝገባችንን ብንገልጥ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። ኋላ ነገሩ ሲጣራ ከወር በፊት በቴሌግራም ከላክነው ሌላ ደብዳቤ ላይ ፊርማና ማኅተሙ ተቆርጠው ነው የተለጠፉት። ማኅተሙን በሣጥን ቆልፈን፣ ቁልፉን በኪሳችን ይዘን፣ ሥዕሉን ግን ለመንገደኛ ሁሉ ስንበትን ነው የከረምነው።

(አጭር የዋሽንት ዜማ)

እንግዲህ እውነተኛው ዲጂታል ፊርማ ምንድነው? ወደ ሐረና እንሂድና በምሳሌ እንየው።

አንድ የቡና ማኅበር አለ እንበል፤ የጫካ ቡና የሚሰበስብ። ከነጋዴ ጋር ውል ይጽፋል። ውሉ «7 ኩንታል» ይላል። ፋይሉ ተዘጋጀ። አሁን ፕሮግራሙ ሁለት ነገር ይሠራል።

መጀመሪያ የውሉን አሻራ ያነሣል። ሰው የጣት አሻራ እንዳለው ሁሉ ፋይልም አሻራ አለው። የኮምፒውተር ሰዎች «ሃሽ» ይሉታል። ፋይሉ አንድ ገጽም ይሁን ሺህ ገጽ፣ ዛሬ በብዛት የምንሠራበት ሻ-256 የተባለው ስሌት 64 ፊደልና ቁጥር ብቻ ያወጣለታል። ከውሉ ውስጥ 7 የሚለውን ቁጥር 17 ብታደርጉት አሻራው በጥቂቱ ሳይሆን ከላይ እስከ ታች ይለወጣል። ማን እንደለወጠው አይነግራችሁም። እንደተለወጠ ግን ይነግራችኋል።

ቀጥሎ ያንን አሻራ በቁልፍ ይፈርመዋል። ቁልፎቹ ሁለት ናቸው፤ አብረው የተወለዱ መንታዎች። አንደኛው የግል ቁልፍ ነው፤ ከፈራሚው እጅ አይወጣም። ሁለተኛው ይፋ ቁልፍ ነው፤ ለሁሉም ይሰጣል። በግል ቁልፉ የተፈረመውን በይፋ ቁልፉ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ይፋ ቁልፉን በመያዝ ግን መፈረም አይቻልም። ይህን ሐሳብ ዲፊ እና ሄልማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1976 በፈረንጆች አቆጣጠር ለዓለም አስተዋወቁት። በዓመቱ ሪቨስት፣ ሻሚር እና አድልማን የሚሠራ ስሌት አበጁለት፤ በስማቸው መጀመሪያ ፊደላት አርኤስኤ የሚባለው እሱ ነው።

ልብ አላችሁ? ፊርማው ወረቀቱ ላይ የተቀመጠ ሥዕል አይደለም። ከውሉ ፊደላትና ከፈራሚው ቁልፍ አንድ ላይ የተወለደ ነው። ቆርጣችሁ ሌላ ውል ላይ ብትለጥፉት አይሠራም፤ የዚያኛው ውል አሻራ ሌላ ነውና።

(ለአፍታ ዝምታ)

ብልህ አድማጭ ግን አሁን አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል። «ይፋ ቁልፉ የማኅበሩ ሊቀ መንበር መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሌባም ቁልፍ ሠርቶ የሊቀ መንበሩ ነው ሊለኝ ይችላል።»

ልክ ነው። መልሱን ደግሞ አገራችሁ ያውቀዋል። እንግዳ ሰው ወደ ቀዬ ሲመጣ ምን ተብሎ ይጠየቃል? «የማን ልጅ ነህ?» አባቱን ይቆጥራል፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፤ ሰው ሁሉ ከሚያውቀው ትልቅ ሰው ስም ሲደርስ ይታመናል። የቁልፍም ነገር እንዲሁ ነው። ሰርተፊኬት የሚባለው ነገር የቁልፉ የዘር ቆጠራ ነው። ይህን ቁልፍ ያወቀለት እገሌ ነው፣ እገሌን ያወቀለት እገሌ ነው እያለ እስከ ሥሩ ይወጣል።

በኢትዮጵያ ይህ በሕግ ተደንግጓል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥሩ 1072/2010 ነው። ሥሩ ላይ የተቀመጠው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው፤ ሰርተፊኬት ሰጪዎች ከእሱ ሥር ይሰለፋሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ተከተለ። ስለዚህ «በኮምፒውተር የተፈረመ ነገር ሕግ አያውቀውም» የሚላችሁ ሰው ቢኖር፣ ያውቀዋል በሉት።

(የዋሽንት ዜማ፤ ለ10 ሰከንድ)

አሁን ኮድ የምትጽፉት ልጆች፣ ወንበራችሁን ሳቡ። በአማርኛ ሰነድ ላይ ፊርማ የሚያኖር ፕሮግራም ስትጽፉ የሚያጋጥማችሁ፣ በእንግሊዝኛው ትምህርት ላይ የማይነገራችሁ ነገር አለ።

ሐሰን የሚል ስም ልጥራ። አሁንም ሐሰን ልበል። ልዩነት ሰማችሁ?

አልሰማችሁም። የመጀመሪያውን በሐመሩ ሐ እና በእሳቱ ሰ ጻፍኩት እንበል። ሁለተኛውን በሃሌታው ሀ እና በንጉሡ ሠ። ለጆሮ አንድ ነው። ለአንባቢም አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ፊደል ነው፤ አሻራውም ሌላ ነው።

ብዙ የአማርኛ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ፍለጋ እንዲቀላቸው ሐመሩንም ብዙኃኑንም ወደ ሃሌታው፣ ንጉሡን ወደ እሳቱ የሚመልስ ኮድ ያስገባሉ። ለፍለጋ ጥሩ ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። ግን ሰነዱ ከተፈረመ በኋላ ይህ ኮድ ቢነካው ምን ይሆናል? ፊርማው ይፈርሳል። ማንም ሳያጭበረብር፣ አንድም ቃል ትርጉሙ ሳይለወጥ፣ ፕሮግራሙ «ይህ ሰነድ ተነካክቷል» ይላል። ባለጉዳዩም ሌባ ተብሎ ይቆማል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ የእሱ ስላልሆነ።

ሌላም አለ። አራት ነጥብ። አብዛኞቻችን በኪቦርድ ስንጽፍ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትተን አራት ነጥብ እናስመስላለን። ዓይን አይለየውም። ኮምፒውተሩ ግን ይለያል። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። እውነተኛው አራት ነጥብ 3 ባይት ነው፤ ሁለቱ ሁለት ነጥቦች ተደምረው 6 ባይት። አንድ «አስተካካይ» ፕሮግራም በቅንነት ሁለቱን ወደ አንዱ ቢቀይራቸው፣ ፊርማው እዚያው ላይ አበቃ። በዊንዶውስና በሊኑክስ መካከል የመስመር መጨረሻ ምልክቱ ስለሚለያይም ተመሳሳይ ነገር ይከሰታል።

ስለዚህ ይህን በደብተራችሁ ጻፉልኝ። የሚፈረመው ትርጉሙ አይደለም፤ ባይቱ ነው። ማስተካከል ካለባችሁ ከመፈረሙ በፊት አስተካክሉ። ከተፈረመ በኋላ አትንኩት። ለፍለጋ የምትፈልጉትን ቅጂ ለብቻው አስቀምጡ፤ የተፈረመውን እንዳለ፣ እንደ ታተመ ፖስታ፣ ለብቻው።

ደግሜ ልጠይቅ፤ የሚፈረመው ምኑ ነው? (ለአፍታ ዝምታ) ባይቱ።

(አጭር ዜማ)

ወደ ፒዲኤፍ እንለፍ፤ የቢሮ ደብዳቤ ሁሉ የሚጓዝበት እሱ ነውና።

ፒዲኤፍ ላይ ሲፈረም አንድ የሚገርም ችግር አለ። ፊርማው ራሱ እዚያው ፋይል ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ታዲያ ፋይሉን ከነፊርማው አሻራውን ማንሣት ይቻላል? አይቻልም፤ ፊርማው ገና አልተወለደም። ስለዚህ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ፋይሉ ውስጥ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ግድግዳ ሲሠራ ለመስኮት ክፍት እንደሚተው። ከመስኮቱ በፊት ያለውን ከመስኮቱ በኋላ ካለው ጋር አንድ ላይ አሻራውን ያነሣል፣ ይፈርማል፣ ፊርማውን መስኮቱ ላይ ይገጥማል። ከየት እስከ የት እንደተፈረመም በቁጥር ይመዘግባል፤ «ባይት ሬንጅ» ይባላል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ፒዲኤፍ ከተፈረመ በኋላ ከመጨረሻው ላይ መቀጠል ይቻላል። ለበጎ የተፈቀደ ነው፤ ሁለተኛ ፈራሚ ሊመጣ ይችላልና። ክፉ ሰው ግን ከጫፉ ላይ ሌላ ገጽ ቀጥሎ የመጀመሪያውን እንዲሸፍን ያደርገዋል። በ2019 በፈረንጆች ጀርመን አገር ቦኹም ከተማ የሚገኘው የሩር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንና መሰሉን ዘዴ በ22 የኮምፒውተር ፒዲኤፍ ማንበቢያዎች ላይ ሞከሩት። 21ዱ ተታለሉ። የተለወጠውን ሰነድ «ፊርማው ትክክል ነው» ብለው አሳዩ።

እናንተ የምትጽፉት ፕሮግራም እንዳይታለል ምን ያድርግ? «ፊርማው ልክ ነው?» ብሎ ብቻ አይጠይቅ። «የተፈረመው እስከ ፋይሉ መጨረሻ ድረስ ነው? ካልሆነ ከዚያ በኋላ ምን ተጨመረ?» ብሎም ይጠይቅ። አለንጋ ይዞ በር ላይ የቆመ ዘበኛ የኋላውን በር ካላየ ምን ጠበቀ?

ስሌቱን ደግሞ ራሳችሁ አትጻፉት። ለጃቫ ፒዲኤፍ ቦክስ እና አይቴክስት፣ ለፓይተን ፓይሃንኮ የተባሉ ብዙ ሰው የመረመራቸው መሣሪያዎች አሉ። ሻ-1 የተባለውን የቀድሞ አሻራም ተዉት፤ በ2017 በፈረንጆች የጉግልና የአምስተርዳም ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት አሻራ ያላቸው ሁለት የተለያዩ ፒዲኤፎች ሠርተው አሳይተውበታል።

ሰዓት ላይም ተጠንቀቁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት አንገቱ ላይ የተፈረመ ሰነድ በዓለም አቀፉ ሰዓት 06:00 ተብሎ ይመዘገባል። ያንን እንዳለ ስክሪን ላይ ብታወጡት የኛ ሰው «ቀትር ላይ ነው የተፈረመው» ይላል። ሦስት ሰዓት ደግሞ በፍርድ ቤት ክርክር ትንሽ ነገር አይደለም። መዝግቡት በዓለም አቀፉ፣ አሳዩት በእኛው።

ኔትወርኩስ ሲጠፋ? ይህ የእኛ ተራራ ጥያቄ ነው። ደስ የሚለው፣ አሻራውንና ፊርማውን ለማመሳከር ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ይፋ ቁልፉ እጃችሁ ላይ ከሆነ ይበቃል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሰርተፊኬቱ ተሰርዞ እንደሆነ ለመጠየቅ ነው። ስለዚህ ፈራሚው ኔትወርክ ባለበት ሮቤ ሆኖ ሲፈርም፣ ሰርተፊኬቱ በዚያ ሰዓት ያልተሰረዘ መሆኑን የሚያሳየውን ማስረጃ እዚያው ሰነዱ ውስጥ ይክተተው። አንገቱ ላይ ያለው ሰው በመብራት መጥፊያ ሰዓት፣ በስልኩ ባትሪ፣ ሰነዱ በተፈረመበት ጊዜ ሰርተፊኬቱ የሚሠራ እንደነበር ያረጋግጣል። ይህን ሳታስቡ ለአዲስ አበባ ቢሮ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም አትጻፉልን፤ እባካችሁ።

(የዋሽንት ዜማ፤ ዝቅ ይላል)

እስካሁን ፊርማው የሚችለውን አወራን። የማይችለውንስ?

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 በኢትዮጵያና በኢጣልያ መካከል የውጫሌ ውል ተፈረመ። የአማርኛውና የጣልያንኛው ቅጂ 17ኛው አንቀጽ ላይ ይለያዩ ነበር። የአማርኛው ንጉሡ ከውጭ መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ ቢፈልጉ በኢጣልያ በኩል ሊሄዱ እንደሚችሉ ይላል፤ የጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። መጨረሻው ዓድዋ ላይ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ያን ጊዜ ዲጂታል ፊርማ ቢኖር ኖሮ ጦርነቱ ይቀር ነበር? አይቀርም። ሁለቱንም ቅጂ ኮምፒውተር ቢመረምራቸው ሁለቱንም «ልክ ነው፣ አልተነካም» ይል ነበር። እውነትም አልተነኩም፤ የተለያዩት ከመፈረማቸው በፊት ነው። ዲጂታል ፊርማ ሰነዱ እንዳልተለወጠና በማን ቁልፍ እንደተፈረመ ይነግራችኋል። ሰነዱ እውነት መናገሩን፣ ፈራሚው የፈረመበትን ነገር መረዳቱን አይነግራችሁም።

ይህ ደግሞ ወደ አንድ ጥያቄ ይወስደኛል፤ በብዙ ቤት ያለ ጥያቄ ነው። «አያቴ ማንበብና መጻፍ አይችሉም። በጣት አሻራ ነው የሚፈርሙት። ዲጂታል ፊርማ ሲመጣ እሳቸው እንዴት ሊሆኑ ነው? ቁልፋቸውን እኔ ልያዝላቸው?»

(ለአፍታ ዝምታ)

ልጄ፣ አትያዝላቸው። ክፉ ነህ ማለቴ አይደለም። ቁልፉን የያዘ ሰው ፈራሚው እሱ ነው። አያትህ ሳያውቁ መሬታቸው፣ ቡናቸው፣ ከብታቸው በስማቸው ሊፈረም ይችላል፤ ኮምፒውተሩም «ልክ ነው» ይላል። ቁልፉን ፍላሽ ላይ ቀድቶ ለጸሐፊ የሰጠ ኃላፊም፣ የግል ቁልፉን ኮዱ ውስጥ ጽፎ ለዓለም የለቀቀ ወጣትም ያደረጉት ይኸንኑ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1728 ለዚህ ጉዳይ አስቦበታል። ዓይነ ሥውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው በጣቱ የፈረመው፣ ሥልጣን ባለው ሰነድ አረጋጋጭ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። እኔ ይህን አንቀጽ ሳነብ የሚታየኝ አንድ ሰው ነው፤ ሽማግሌው ፊት ተቀምጦ «አባቴ፣ እዚህ ላይ የተጻፈው ይህ ነው፤ ገብቶዎታል?» ብሎ የሚጠይቅ።

ያንን ሰው የሚተካ ኮድ አላየሁም። ኮዱ ግን ሊያግዘው ይችላል። መፈረሚያው ቁልፍ ከመከፈቱ በፊት ሰነዱ በድምፅ ይነበብ፤ በአማርኛ ለሚሰማ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ለሚሰማ በኦሮምኛ። የተነበበው ድምፅ ከውሉ ጋር አብሮ ይፈረም፤ ድምፅም ፋይል ነው፣ አሻራ አለው። ነገ ክርክር ቢነሣ ዳኛው ውሉን ብቻ ሳይሆን ለሽማግሌው የተነበበላቸውንም ይሰማል። ይህን የሚሠራ ልጅ ሮቤ ወይም አንገቱ ላይ እየሰማኝ ከሆነ፣ ነገ ጠዋት ይጀምር።

(ዜማው ቀስ እያለ ከፍ ይላል)

የሳምንቱ የቤት ሥራችሁ ይኸውላችሁ። «ቡናው 7 ኩንታል ነው» ብላችሁ ሁለት ፋይል ጻፉ፤ አንዱን በእውነተኛው አራት ነጥብ፣ ሌላውን በሁለት ሁለት ነጥብ ጨርሱ። የሁለቱንም ሻ-256 አውጡ። 64ቱን ፊደልና ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡና ስንቱ በየቦታው እንደተገጣጠመ ቁጠሩ። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የደረሳችሁበትን ይዛችሁ ጠብቁኝ። ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ዜማ)